አበልጅ ቤት ያደረችው ላም

አንድ ድሃ ገበሬ ነበረ። መሬት ነበረው፤ በሬ ግን አልነበረውም። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለባለበሬ ለእኩል ይሰጣል። ግማሹን ምርት ባለበሬው ይወስዳል፣ ከቀረው ላይ ዘር ይነሣል፣ የተረፈውን አራት ሆነው ይበሉታል። ብዙ ጊዜ መጋቢት ሳይገባ ያልቃል።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ። የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «አያ ውዱ፣ በየወሩ ገንዘብ የምንሰጣቸው ሰዎች ለምን ይዋሹናል?» ነው ያልከኝ። ከወንዝ ማዶ ያለችው ሴት ሁለት በጎች እህቷ ቤት ደብቃ ተገኘች፤ ኮሚቴው ነገ ጠዋት ቤቷ ሄዶ ካጣራ በኋላ ስሟን ሊሰርዝ ነው፤ አንተም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነህ። ይህን ሁሉ ነግረኸኛል። ተናደህ ነው የመጣኸው፤ ፊትህ ያስታውቃል። እኔም እንዳንተ ተናድጄ አውቃለሁ። ቁጭ በልና ስማኝ፤ ስጨርስ እንደፈለግህ ታደርጋለህ።

ይህ ገበሬ ሚስት ነበረችው። አንጓች የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረችው። ከእሷ በታች ደግሞ ገና ያልጠና ወንድ ልጅ ነበረው። ገበሬው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ቆላ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ያጭዳል፤ የሚመለሰው ከገንዘቡ ይልቅ ወባውን ይዞ ነው። ሚስቱ እንጨት ለቅማ ከተማ ድረስ በጀርባዋ ትወስዳለች። አንጓች ትምህርት ቤት ገብታ ወጥታለች፤ እናቷ እንጨት ስትሄድ ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው የለማ። መዋጮው አቅቷቸው ከዕድርም ወጥተው ነበር። ከዕድር የወጣ ሰው ቤቱ ለቅሶ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። ሰው መቅበሩን ይቀብርለታል፤ ግን እየተነጫነጨ ነው።

በዚያው አገር አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ነበረ። በጽኑ ታሞ ሲድን፣ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ለሰባት ድሃ ቤቶች ገንዘብ ሊሰጥ ተሳለ፤ የዚህ ገበሬ ቤትም ከሰባቱ አንዱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዝልኝ። የተሳለውንም አላጓደለም። አንድ ሕግ ብቻ አወጣ። «ሰኮና ያለው እንስሳ ያለው ሰው ከእኔ አይቀበልም። ከእሱ የባሰ አለ፤ ለባሰው ይተላለፍ» አለ። ሲሰሙት ትክክለኛ ፍርድ ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ገንዘቡን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር፣ በየጓሮውም እየገባ የሚያይ አንድ መልእክተኛ ቀጠረ። ያ መልእክተኛ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ጉልበቴ ደህና ነበር፤ አፍንጫዬም ትኩስ እበት ከአጥር ውጭ ሆኖ ይለያል።

ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ቀኑ ግን አያልፍም። ዝናብ ይዝነብ፣ ወንዝ ይሙላ፣ በሃያ አንድ እደርሳለሁ። ሰው የሚያወራው ስለ ብሩ ነው፤ እኔ በዐይኔ ያየሁት ግን ቀኑ የሚሠራውን ሥራ ነው። መጀመሪያ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ አልበላም። እስከ ሃያ አንድ ብቻ መታገሥ እንዳለበት አውቋላ። በተከታዩ ጥቅምት ቆላ አልወረደም። ሚስቱ የእንጨቱን ገመድ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እዚያው ተሰቅሎ አየው ነበር። አንጓች ደብተር ተገዝቶላት ትምህርቷን ቀጠለች። ዕድሩም መልሶ ተቀበላቸው፤ ገበሬው በሰው ለቅሶ ላይ ከዳር መቀመጡን ተወ። አንድ ቀን ደጃቸው ስደርስ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የምትስቀው ሚስቱ ናት። ያን ሁሉ ወር ስመላለስ የዚያችን ሴት ጥርስ አይቼ አላውቅም ነበር። በእውነት ነው የምልህ፣ ደስ አለኝ።

ሕፃኑ ግን አልፋፋ አለ። እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ትልቅ፣ ፀጉሩ የሳሳና የቀላ። እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ «እህል ብቻውን አያነሣውም፤ ወተት ስጪው» አለቻት። ለምን በዚያ ገንዘብ አትገዛለትም እንዳትለኝ። በዚያ አገር ወተት አይሸጥም። ወተት የሸጠ ሰው የቤቱን በረከት እንደሸጠ ይቆጠራል። ጎረቤት ለልጅህ ቢሰጥህም አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ ደጁ ላይ ሲያይህ ፊቱ ይጠቁራል። ልጁን ወተት ማጠጣት የሚፈልግ ሰው ላም ሊኖረው ይገባል፤ ሌላ መንገድ የለም።

ሚስቱ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ትንሽ ዕቁብ ገብታ ነበር። ዕጣው ሲወጣላት ባሏ ገበያ ሄዶ ለመውለድ ሁለት ወር የቀራት ጊደር ገዛ። ግንባሯ ላይ ነጭ ነበረባትና አንጓች ቦራ ብላ ስም አወጣችላት። ልጅቷ ጨው በመዳፏ እያደረገች ታስልሳት ነበር። ቦራ በገዛ ባለቤቶቿ ደጅ ያደረችው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ገበሬው ሃያ አንድ መድረሱን አሰበ፤ እኔ ልመጣ ነዋ።

ባልና ሚስቱ ያን ቀን የተነጋገሩትን በኋላ ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

«እንንገራቸው» አለችው። «ለልጁ ብለን ነው እንበላቸው። ባለጠጋውም ልጆች አሉት፤ አያዝንልንም ብለህ ነው?»

«ቢያዝንስ ሕጉን ለእኛ ብሎ ይለውጣል? አሁን ጊደር ናት። ወልዳ፣ ጥጃዋ አድጎ፣ ለእርሻ እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው? እስከዚያ ምን ልንበላ ነው? መልሼ ቆላ ልውረድልሽ?»

«እሱስ ይቅር።»

«አየሽ፣ አንዲት ላም ስለገዛን ድህነቱ አይለቀንም። ገንዘቡ ግን ይለቀናል።»

እውነቱን ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ጊደሯን ለርቢ ይሰጣታል። ምስክር ይቀመጣል፤ ጥጃ ሲወለድ እንዴት እንደሚካፈሉ ሰው እየሰማ ይዋዋላሉ። ይህ ገበሬ ግን ምስክር መጥራት አልቻለም። ምስክር የሰማው ነገር ሳይውል ሳያድር ከእኔ ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ወደ አበልጁ ሄደ። ሰውየው የአንጓች ክርስትና አባት ነው። ኮረብታው ላይ የሚኖር፣ ከብት ያለው፣ በአገሩ ደህና የሚባል ሰው ነበር። በአበልጅ መካከል ምስክር መጥራት ነውር መሆኑን ታውቃለህ።

«ቦራ አንተ ዘንድ ትደር» አለው። «ማንም ቢጠይቅህ የኔ ናት በል። ስትወልድ በየማለዳው አንድ ቅል ወተት ለልጄ፤ የቀረው ለልጆችህ።»

አበልጁም «ለዚህ ለዚህማ ካልሆንኩህ ምኑን አበልጅ ሆንኩ?» አለው። ልቡም ያን ጊዜ እንደ አፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ ከዳተኛ አይሆንም፤ መንገድ ሲጠርጉለት ነው የሚሄድበት።

ቦራ ወለደች። አንጓች በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ኮረብታውን ትወጣለች፣ ቦራን ጨው ታስልሳለች፣ ቅሏን ሞልታ ትወርዳለች። ሁለት ወር ሳይሞላ የሕፃኑ እግር ጠና። በሃያ አንድ ስመጣ ከደጅ ሮጦ እየተቀበለ ኪሴን ይዳብስ ጀመር፤ እኔም ቆሎ መያዝ ለመድኩ። ይህ ልጅ በምን ተነሣ ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ጓሮውን አየሁ፤ እበት የለም፤ ገንዘቡን ሰጥቼ ሄድኩ።

ከሰባቱ ቤቶች ውጭ የቀረ ስምንተኛ ቤት አይጠፋም። ያ ስምንተኛው ሰው ባለጠጋው ዘንድ ሄዶ «እገሌ ላም አለው፤ አበልጁ ቤት ደብቋታል» ብሎ ተናገረ። ባለጠጋው ጠራኝና «ሰው ፊት አጣራ። ዋሽቶ ከሆነ ይቅርበት፤ ካልዋሸም ስሙ ይጥራለት» አለኝ። ጆሮዬ እስኪግል ተናደድኩ። ያን ያህል ወር ዝናብ እየበላኝ ስመላለስ፣ ልጁን ቆሎ ሳበላ፣ ለካ ሲስቁብኝ ኖረዋል አልኩ። ይህ ንዴት ለአንተ እንግዳ አይመስለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። አበልጁን ላሚቱን ነድቶ እንዲመጣ አዘዝኩት። ገበሬውንም መሀል አቆምኩት።

«ይህች ላም የማን ናት?» አልኩ።

«የኔ ናት» አለ አበልጁ፣ በተነጋገሩት መሠረት።

ወደ ገበሬው ዞርኩ። «ያንተ አይደለችም?»

«የኔ አይደለችም።»

«ማል።»

«በማርያም።»

ይህ አልበቃኝም። በማርያምማ ሰው ገበያ ላይ ለአንድ እፍኝ በርበሬም ይምላል። «በልጅህ ማል» አልኩት።

ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች፤ ባሏ አያት፤ መልሳ ተቀመጠች። ገበሬው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ይህች ላም የኔ ከሆነች ልጄን ይንሳኝ» አለ።

ቦራ የእኛን ነገር አታውቅም። አንጓች ከእናቷ አጠገብ ቆማ ነበር። ላሚቱ ገመዷን ከአበልጁ እጅ መንጭቃ፣ በተቀመጠው ሰው መሀል አልፋ፣ ልጅቷ ፊት ሄዳ ቆመች። መዳፏን ትልስ ጀመር። መዳፏ ላይ ጨው አልነበረም። ልጅቷ ግን እጇን አልሰበሰበችም፤ አባቷን ታያለች።

ገበሬው መጣ። ዱላውን አነሣና ላሚቱን ግንባሯ ላይ፣ ነጩ ባለበት ቦታ መታት። «ሂጂ ከዚህ! የሰው ከብት!» አለ። ደገማት። በሁለተኛው ጊዜ ጮኸች፤ አበልጁ ሮጦ ገመዷን ያዘ። አንጓች ቀስ ብላ «አባዬ፣ ቦራ እኮ ናት» አለች። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማኋት። ገበሬውም ሰምቷታል፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም።

የእኔ በደል እዚህ ላይ ነው። አየሁ፤ ሰማሁ፤ ላሚቱ የማን እንደሆነች ከዚያ በኋላ ጥርጥር አልነበረኝም። ለባለጠጋው ግን «ላም የለውም፤ ስሙ ጠርቷል» አልኩት። ለገበሬው ምሕረት ያደረግሁለት መሰለኝ። መንገዱን ሁሉ ራሴን እያመሰገንኩ ነው ቤቴ የገባሁት፤ ምን ዓይነት ጅል እንደነበርኩ ተመልከት።

በማግስቱ ማለዳ አንጓች ቅሏን ይዛ ወጣች። አበልጁ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት፤ የክርስትና ልጁን።

«ወተት።»

«የማን ላም ወተት?»

ልጅቷ ባዶ ቅል ይዛ ወረደች። ከሰዓት በኋላ አባቷ ራሱ ወጣ። ጫማ ስሞ ለመነው ብላኛለች ሚስቱ። አበልጁ ግን ሌሊቱን አስቦበት አድሯል። «አገር ፊት የኔ ናት ብያለሁ፤ አንተም አገር ፊት የኔ አይደለችም ብለሃል፤ ያውም በልጅህ ምለህ። አሁን ልጅህ ከኔ ቤት ወተት ስታመላልስ ብትታይ፣ ሁለታችንም ሐሰተኞች ሆንን ማለት አይደል? ይቅርብን» አለው። ጥሩ ምክንያት አገኘ። እሱን ያገኘሁለት ግን እኔ ነኝ።

ገበሬው ሽማግሌ ይልካል ትለኝ ይሆናል። ሽማግሌውን ምን ብሎ ይላከው? የኔ ናት ቢል በልጁ የማለውን መሐላ ማፍረሱ ነው፤ ገንዘቡም ይቀራል። የኔ አይደለችም ካለ ደግሞ ሽማግሌ ምን ሊሠራለት? ሳይልክ ቀረ። ከኮረብታው ላይ የቦራ ድምፅ ሲመጣ አንጓች ጆሮዋን ትይዝ ነበር አሉ።

ሰኔ ገባ። ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው። ወተቱን እንደጠጣ ቢቀጥል ኖሮ ይቋቋመው ነበር ወይ? እኔ አላውቅም። እናቱ ይቋቋመው ነበር ትላለች፤ ከእሷ ጋር የምከራከርበት አፍ የለኝም። በአሥራ ዘጠኝ ሞተ። በሃያ ቀበሩት። ዕድሩ በሙሉ መጣ፤ ማንም አልተነጫነጨም።

በሃያ አንድ እኔ ደረስኩ። መሞቱን አልሰማሁም። ቆሎው ኪሴ ውስጥ ነበር። ደጃቸው ስደርስ ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች አየሁ፤ ማን ሞተ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሮጦ የተቀበለኝ አልነበረም። ገበሬው ከሰዎቹ መካከል ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ምን እንደማደርግ ባውቅ ኖሮ! ቀኑ ሃያ አንድ ነው፤ ገንዘቡን አወጣሁና ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ያን ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዐይኔ በልማዱ ወደ ጓሮው ሄደ። ሰውየው ወዴት እንዳየሁ አየ።

«የለም፣ አያ ውዱ» አለኝ። «ምንም የለም።»

በዚያው ወር ሥራውን ተውኩት። ባለጠጋው ሌላ መልእክተኛ ቀጠረ፤ ገንዘቡም ለጥቂት ዓመታት አልተቋረጠም። ገበሬው እስከ ዛሬ ልጄን መሐላዬ ገደለብኝ ይላል። ስንት ቄስ ነገረው፣ ስንት ንስሐ ገባ፤ ከልቡ አልወጣለትም። አንጓች አግብታ የልጆች እናት ሆናለች። ወተት ግን አትቀምስም።

እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅኸኝ ለምን ይዋሹናል ብለህ ነበር። ባለጠጋው የናንተ ኮሚቴ ነው። መልእክተኛው አንተ ነህ። ገበሬው ከወንዝ ማዶ ያለችው ሴት ናት። ገንዘቡ ክፉ ነበር እያልኩህ አይደለም፤ ያን ቤት ያቆመው እሱ ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ግን እኛ ለዚያ ሰው ሁለት ነገር ባንድ አፍ ነገርነው። ከድህነትህ ውጣ አልነው። ስትወጣ ካየንህ ደግሞ የያዝከውን እንነጥቅሃለን አልነው። እሱም ምስኪን ሁለቱንም ሊፈጽምልን ሞከረ፤ ሲወጣ እንዳናየው ተደብቆ ወጣ። በተደበቀበት ቦታ አበልጁ ዘረፈው፤ ልጁም ሞተበት፤ እሱም ለማንም አቤት ማለት አልቻለም። ያቺ ሴት በጎቿን እህቷ ቤት የወሰደቻቸው አንተን ንቃ እንዳይመስልህ። አንተን ፈርታ ነው። እህቷ ደግሞ እስከ መቼ እህት እንደምትሆን እኔም አንተም አናውቅም።

ነገ ጠዋት ስትሄድ በጎቹን ራስህ ነድተህ አምጣላት። ሰው እያየ ደጇ ላይ እሰርላት፤ ከዚያ የወሩን ገንዘቧን ስጣት። በጎቹ ወልደው፣ ግልገሎቹ አድገው ቤቱን እስኪችሉ ድረስ አትንኳት ብለህ ለኮሚቴህ ተናገር። ቢቆጡህ አያ ውዱ ነው ያለኝ በል፤ እዚሁ አለሁ፤ ይምጡና ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። አይሆንም፣ በጎቹን አትንዳ ብለው ካስገደዱህም እሺ፣ ሰርዛት፤ ቢያንስ የኔ አይደሉም አላለችምና እህቷ ቤት ሄዳ በጎቼን መልሺልኝ ማለት ትችላለች።

ሰው ፊት አቁመህ ግን አታስምላት። ልጆች አሏት።